«ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማነሳውም አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ርዕስ ይጠራና «አሪፍ ነው፣ አንብበው» ተብሎ ይዘጋል። ጠያቂው «እሺ» ይላል፤ በሦስተኛው ቀን ርዕሱም ከአእምሮው ጠፍቷል። አይፈረድበትም። «አሪፍ» የሚለው ቃል ስለ ተናጋሪው ስሜት ነው እንጂ ስለ መጽሐፉ የሚነግረን ነገር የለም። ያን ስሜት ምን እንዳመጣው ካልተነገረው ሰሚው ምኑን ይዞ ይሂድ?

በእኔ እምነት ስለ መጽሐፍ ለማውራት ጥሩው ጊዜ ገና መሐሉ ላይ ሳሉ ነው። ጨርሰን ስናወራ መጨረሻው ሁሉንም ይጋርደዋል። ፍጻሜው ካማረ የመጀመሪያዎቹ 80 ገጾች ምን ያህል እንዳደከሙን እንረሳለን፤ ፍጻሜው ካስከፋን ደግሞ ቀድሞ ያስደሰተንን ሁሉ እንክዳለን። መሐል ላይ ያለ አንባቢ ግን «ገጽ 120 ላይ ነኝ፤ እስከ 50 ድረስ ስሞቹ ይምታቱብኝ ነበር፣ አሁን ለይቻቸዋለሁ፤ ተራኪውን ግን እስካሁን አላመንኩትም» ማለት ይችላል። ይህን የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነሳ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስሞቹ ሲምታቱበትም ጥፋቱ የራሱ መስሎት ወርውሮ አይተወውም።

ናንሲ ፐርል የምትባል የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አለች። እሷ እንደምትለው አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባው በአራት በሮች ነው፤ በታሪኩ፣ በገጸ ባሕርያቱ፣ በመቼቱ ወይም በቋንቋው። ሁሉም መጽሐፍ አራቱም በሮች አሉት፤ ስፋታቸው ግን ይለያያል። በታሪክ የሚገባ ሰው «እንቅልፍ ነሳኝ» ይላል። በገጸ ባሕርይ የሚገባው መጽሐፉ ሲያልቅ ሰዎቹ ይናፍቁታል። በመቼት የገባው «እዚያ የኖርኩ ነው የመሰለኝ» ይላችኋል። በቋንቋ የሚገባው ደግሞ ቀስ ይላል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ያነበዋል፣ ከሥሩ ያሰምራል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «እስቲ ይቺን ስማ» ብሎ ያስቸግራል።

ሰውን ወደ መጽሐፍ ስንጋብዝ የምንሠራው ትልቁ ስሕተት ከዚህ ይመጣል፤ ሌላውን በራሳችን በር ልናስገባው እንሞክራለን። በቋንቋ የገባ ሰው የወደደውን መጽሐፍ፣ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለሚፈልግ ወዳጁ ይሰጠዋል። ወዳጁ ገጽ 40 ላይ «ምንም የሚሆን ነገር የለም እኮ» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሰጪው ግን «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ነገር አይከሰትም፤ የሚነበበው ለአጻጻፉ ነው» ቢለው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሌላው ስሕተት ርዕሰ ጉዳይን ማሳደድ ነው። አንዲት አንባቢ ስለ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ወደደች እንበል። ወዳጆቿ ሌላ የጦርነት ልብ ወለድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ያቀብሏታል። እሷ የወደደችው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የሁለት ወንድማማቾች ፉክክር ቢሆንስ? ለእሷ የሚሆናት ቀጣይ መጽሐፍ ጥይት የማይተኮስበት የቤተሰብ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች «ስለ ምን ማንበብ ትፈልጊያለሽ?» ብለው የማይጀምሩት። «በቅርቡ ስለወደድሽው አንድ መጽሐፍ ንገሪኝ» ይሉና ያዳምጣሉ። ጆይስ ሳሪክስ በዚህ ሙያ ላይ ብዙ የጻፈች ሴት ናት፤ ዋና ነገሯ የታሪኩን ፍጥነት፣ የገጸ ባሕርያቱን አሳሳል፣ ድባቡን፣ የአጻጻፉን ስልት ከአንባቢው አነጋገር ማውጣት ነው። «ቶሎ ቶሎ ይሄዳል» ካለ ያስደሰተው ፍጥነቱ ነው፤ «ከበድ ይላል፣ ግን ደስ ይላል» ካለ ድባቡ ነው። አንድ ጥያቄ ደግሞ እኔ ልጨምርበት፦ «አሁን ምን ዓይነት መጽሐፍ ማንበብ አትፈልግም?» ሐዘን ላይ ያለ ሰው ወይም ፈተና የደረሰበት ተማሪ በሌላ ጊዜ የሚወደውን መጽሐፍ ዛሬ ላይችለው ይችላል።

ወደ ጊዜ እንምጣ። «ቶሎ ያልቃል» የሚባል ነገር አለ፤ ለማን? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 190 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እንግሊዝኛ አንባቢ አዋቂ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍን በዝምታ ሲያነብ አማካዩ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን አያስኬድም። እኛ «አልነገረችኝም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ በአምስት ቃል ይሉታልና የቃላት ቆጠራው አይገጥምም። ገጽ መቁጠር ይሻላል። ሰዓት ይዛችሁ እንደ ወትሯችሁ 10 ደቂቃ አንብቡ፤ ያነበባችሁትን ገጽ በ6 አባዙት። 7 ገጽ ከሆነ በሰዓት 42 ገጽ ነው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ 7 ሰዓት ከትንሽ ይወስዳል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያነብ ሰው ሁለት ሳምንት ማለት ነው። መለኪያውን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አትውሰዱ፤ ሰውና ቦታ ገና እየለየን ስለሆነ እዚያ ላይ ሁላችንም ቀርፋፋ ነን። 40ኛው ገጽ አካባቢ ብትለኩ ትክክለኛው ፍጥነታችሁ ይገኛል። በድምፅ የምታዳምጡ ከሆነ ደግሞ ተራኪ ከዓይን ይዘገያልና ሰዓቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ «በሁለት ቀን ጨረስኩት» ከማለት «ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ከ8 ገጽ አይበልጡም» ማለት ይጠቅማል። ሁለተኛው በእጁ 15 ደቂቃ ብቻ ያለችውን ሰው ያስጀምረዋል።

የታሪኩን ጫፍ ስለ መንገር ብዙ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት መጨረሻው ቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኩን ይበልጥ እንደወደዱት ቢያሳይም፣ የተሞከረው በአጫጭር ልብ ወለዶች ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት አብሮን ለሚከርም ረጅም ልብ ወለድ ይሠራል ብዬ አልከራከርበትም። ቀላሉ መንገድ ጥያቄውን ነግሮ መልሱን መተው ነው። «ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ይፈልጋሉ» ማለት ይበቃል። «መጨረሻው ያስደነግጥሃል» ማለት ግን ሳይነግሩ መንገር ነው፤ ሰሚው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያስደነግጠውን እየጠበቀ ያነባል። ከዚህ የባሰ የጨዋታ ማበላሻ አላውቅም።

ስላቋረጥነው መጽሐፍ ለምን አናወራም? ያው ፐርል አንድ ደንብ አላት፤ 50 ገጽ አንብብ፣ ካልያዘህ ተወው። ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የቀረው የምታነበው ገጽ ብዛት ነው። የ70 ዓመት አንባቢ 30 ገጽ ብቻ ይበቃዋል ማለት ነው። መቶ የሞላው በሽፋኑ ብቻ የመፍረድ መብት አለው! ስታወሩ «አልወደድኩትም» ብላችሁ አትዝጉት፤ የት ገጽ ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተዋችሁት ጨምሩበት። «ገጽ 60 ላይ ተውኩት፤ ምልልሱ ሁሉ ንግግር ማሰማት ሆነብኝ» ያላችሁት ለአንዱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሐሳብ የበዛበትን ምልልስ ለሚወድ ለሌላው ግብዣ። የትርጉም ሥራ ከሆነ የተርጓሚውን ስም ጥሩ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ትርጉም ሲኖረው አንዱ ሕያው፣ ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ያሰለቻችሁም ደራሲው ላይሆን ይችላል።

ለመጽሐፍ በኮከብ ነጥብ ስለ መስጠት ብዙ አልልም። የአንዱ ሦስት ኮከብ «ደህና ነው» ነው፤ የሌላው ሦስት ደግሞ «ጊዜዬን በላው»።

ርዕስ ስትልኩ ግን ፊደሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብትወስዱ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ እየቀያየሩ በስድስት መንገድ ይጽፉታል፤ ሃ እና ኃ ሲጨመሩ ከዚያም ይበዛል። ብዙ የመፈለጊያ ሳጥኖች እነዚህን ፊደሎች እንደ አንድ አያዩዋቸውም። ወዳጃችሁ ፈልጎ «የለም» የሚላችሁ መጽሐፉ ጠፍቶ ሳይሆን እናንተ በሀ የጻፋችሁት መዝገቡ ላይ በሐ ስላለ ሊሆን ይችላል። ከሽፋኑ ላይ እንዳለ ገልብጡ፣ ካልሆነም የሽፋኑን ፎቶ ላኩ። ከጀርባው 13 አኃዝ ያለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ካለ ደግሞ እሱ ከሁሉ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት በታተሙት ላይ 10 አኃዝ ነው። ቁጥሩ የሚለየው እያንዳንዱን እትም ነው። የሁለታችሁ እትም ከተለያየ «ገጽ 120» ያላችሁት እሱ ጋ ገጽ 97 ሊሆን ስለሚችል፣ አብራችሁ ስታነቡ በምዕራፍ ቁጥር ተነጋገሩ።

በሉ እንግዲህ፣ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ርዕሱን፣ የት ምዕራፍ ላይ እንዳላችሁ፣ በየትኛው በር እንደገባችሁና ለምን ዓይነት ሰው እንደማይሆን ንገሩኝ። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማዳምጠው እሷን ነው።