ቦርዱ የማንን ቃል ሰምቶ ነው የሚወስነው?

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን። ርዕሳችን ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ ቦርዱ አመራሩን እንዴት ይቆጣጠራል? ከየት እንነሳ ጋሼ?

እሱ፦ ከዊልቸር እንነሳ፣ እህቴ።

እሷ፦ ከቦርዱ አይሻልም?

እሱ፦ ቦርዱ ጋ የሚያደርሰን እሱ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ይቀርባል፤ «በሰሜን ሸዋ ይህን ያህል ዊልቸር ታደለ» ይላል። ቁጥሩ ከዕቅዱ ጋር ይገጥማል፣ ቦርዱም ያጸድቃል። አሁን ወንበሩን ጠጋ ብለሽ እዪው። የፊት ጎማው ትንሽና ቀጭን ነው፣ ለሆስፒታል ወለል የተሠራ። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀርና ሰውየውን ወደ ፊት ይደፋዋል። መቀመጫው ከሰፋበት ወደ አንድ ጎን ይዘማል። ስፖንጁ ስስ ከሆነ ደግሞ ከወገብ በታች ስሜት የሌለው ሰው ሳይታወቀው ይቆስላል። ያ ቁስል ካመረቀዘ ሰው ይገድላል።

እሷ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ከቀጠሮ ተነስቶ በልኬት፣ በማዘዝና በማስማማት አድርጎ እስከ ተጠቃሚው ሥልጠና፣ ክትትልና ጥገና ይሄዳል። «ታደለ» የምትለው ቃል ከስምንቱ ስንቱ እንደተሠራ አትናገርም።

እሱ፦ አትናገርም። ስለዚህ የቦርዱ ጥያቄ «ከስድስት ወር በኋላ ስንት ሰው ተቀምጦበታል? ማን ለካው? ሲሰበር የት ይጠገናል?» ነው። ከመሐል ሜዳ ለአንድ ብሎን ደብረ ብርሃን ድረስ የሚያስመጣ ከሆነ፣ ወንበሩ ቤት ጥግ ቆሞ ይቀራል። ሪፖርቱ ላይ ግን እንደተሳካ ተቆጥሯል።

እሷ፦ ቦርዱ ይህን ለምን አይጠይቅም?

እሱ፦ የሚሰማው ከአንድ አፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ቦርዱ አውሮፓ ነው፣ የአገር ቢሮው አዲስ አበባ፣ የፕሮጀክት ቢሮው ደግሞ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ እዚህ። ወሬው አንድ እርከን በወጣ ቁጥር ይለሰልሳል። የእንግሊዝን የበጎ አድራጎት ሕግ ብትወስጂ፣ ቦርዱ ሥራውን ለሠራተኛ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ኃላፊነቱን ግን አያስተላልፍም። «ዳይሬክተሩ አልነገረንም» ብሎ ማምለጥ የለም።

እሷ፦ ዳይሬክተሩ መሥራቹም ከሆነ ይብሳል። ላርሽን ማንሳት ይቻላል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች ጋር አብረው የሚኖሩበት ድርጅት ነው። ዣን ቫኒዬ በ1964 ፈረንሳይ ውስጥ መሠረተው፣ በ2019 አረፈ፤ በብዙዎች ዘንድ እንደ ቅዱስ ይታይ ነበር። ድርጅቱ ራሱ ያስጠናው ገለልተኛ ምርመራ በ2020 ይፋ ሲሆን፣ በመንፈሳዊ መሪነቱ ተጠቅሞ ቢያንስ ስድስት ሴቶችን ወደ ወሲባዊ ግንኙነት እንዳስገባ አረጋገጠ። የ2023ቱ ጥናት ቁጥሩን ቢያንስ 25 አደረሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

እሱ፦ ድርጅቱ ራሱ አስመርምሮ ራሱ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ልንነሳው አይገባም። የዘገየው ግን በአሥርት ዓመታት ነው። ሰው ሲከበር መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ መጠየቁን ከሰው ድፍረት አውጥቶ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ነው። በእያንዳንዱ ስብሰባ ዳይሬክተሩ የሚወጣበት ሃያ ደቂቃ ይኑር፤ ችግር ኖረም አልኖረም። ችግር ሲመጣ ብቻ «እስቲ ውጣልን» ከተባለ ክስ ይመስላል። የውስጥ ኦዲተሩ ሪፖርቱን በቀጥታ ለኦዲት ኮሚቴው ያቅርብ። ጥቆማ መቀበያው ስልክም ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አይጩህ።

እሷ፦ እኔ የምጨምረው የአካል ጉዳተኛ የቦርድ አባላትን ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3፣ አካል ጉዳተኞች በሚመለከቷቸው ውሳኔዎች በድርጅቶቻቸው በኩል እንዲሳተፉ ያስገድዳል። ግዴታው የመንግሥት ነው፤ ግን የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ከመንግሥት አንሶ መገኘት የለበትም። ዓይነ ስውር አባል ይመረጥና ሰነዱ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ስካን ሆኖ ይላክለታል። ስካን ለስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ፎቶ ነው፤ አንድ ፊደል አያነብለትም። ያላነበበውን በጀት እጁን አውጥቶ ያጸድቃል ማለት ነው።

እሱ፦ መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው። የወርድ ፋይሉን ራሱን ከስብሰባው ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት መላክ። መስማት ለተሳነው አባል ሁለት አስተርጓሚ መያዝ፤ አንዱ ብቻውን ለሰዓታት ከተረጎመ ይደክማል፣ ነገር ይዘልላል።

እሷ፦ ወደ ገንዘቡ እንለፍ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል።

እሱ፦ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ወጪው ወደ ጣሪያው ሲጠጋ የዋናው ቢሮ ሾፌር ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ተብሎ ይመዘገባል። ቦርዱ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ዓመት አስተዳደር የነበረ፣ ዘንድሮ ፕሮጀክት የሆነ የሥራ መደብ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ። የለጋሹ ዩሮ ድንገት ብዙ ብር ሆነ፤ የሚገባው ዊልቸርና የሰው ሠራሽ እግር ዕቃም አብሮ ተወደደ። ያ ትርፍ የሚመስለው ብር በምን ላይ ይዋል የሚለውን ለጋሹን አስፈቅዶ የሚወስነው ቦርዱ ነው እንጂ የፋይናንስ ክፍሉ ብቻውን አይደለም።

እሷ፦ የዳይሬክተሩ ደመወዝና አበልስ?

እሱ፦ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ዳይሬክተሩ ከክፍሉ ይወጣል፣ ተመሳሳይ ድርጅቶች የሚከፍሉት ደመወዝ ለንጽጽር ይቀርባል፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። ዝምድና ያለው አባልም እንዲሁ ይወጣል። ተቀምጦ ዝም ማለት አይበቃም፤ ፊቱ ራሱ ድምፅ ነው።

እሷ፦ ቃለ ጉባኤውን ካነሱ አይቀር፣ ብዙ ጊዜ «በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብቻ ነው የሚጻፈው።

እሱ፦ ለኦዲተርም ለፍርድ ቤትም አይረባም። የተጠየቀው ጥያቄ፣ የተሰጠው መልስ፣ የተወሰነው፣ የሚፈጽመው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ያ ዝርዝር ይሁን፤ ሁለት ጊዜ «በሂደት ላይ» የተባለ ነገር ለሦስተኛው ስብሰባ በጽሑፍ ምክንያቱ ቀርቦ ይምጣ።