ከዘርፉ ስም በፊት መሣሪያው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጣችሁ።

የዘርፍ ምርጫ ቅጽ ሊሰጣችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ተማሪ በስም ይመርጣል፤ «ናኖ»፣ «ኑክሌር»፣ «ሕዋ» የሚሉት ቃላት ልብ ይስባሉ። በምህንድስና ፊዚክስ ውስጥ ዘርፍ ስትመርጡ ግን ሁለት ጥያቄ እንድታስቀድሙ እንለምናችኋለን፦ ይህን ስጨርስ የትኛውን መሣሪያ በኃላፊነት እረከባለሁ? መሣሪያውስ ዛሬ የት ነው ያለው?

ሥራ ከማግኘት አንጻር ሰፊው በር የመለኪያና ቁጥጥር ዘርፍ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱን ከደጃችን እንውሰድ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፣ ባሕር ዳርቻ ካለው 101 ሩብ ያህሉ ጎድሏል። እዚያ ሽምብራ ቶሎ የማይበስለው ውኃው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ነው። ይህ ከድስት አልፎ ሆስፒታል ይገባል። የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚያመክነው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ እንዲደርስ የእንፋሎቱ ሙሉ ግፊት 205 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈውን መመሪያ ይዞ 104 ላይ የሚያቆም ሠራተኛ ደሴ ላይ የሚያገኘው ሙሉ ግፊት 179 ነው፤ እንፋሎቱም 117 ዲግሪ ላይ ይቀራል። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የማምከኛው ጊዜ 10 እጥፍ እንደሚሆን ስለሚሰላ፣ 15 ደቂቃ ይበቃው የነበረ ዕቃ 38 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። መፍትሔው ጌጁን 130 ላይ ማድረስ፣ ከዚያም በላይ ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያይ ሰው የቁስለኛን ሕይወት ያድናል፤ ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ተራ የላብራቶሪ ልምምድ አትዩት።

ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። በእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራበት ፒቲ 100 የሚባለው የሙቀት መለኪያ ኤሌክትሪክን የመቃወም አቅሙ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ነው። በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ሽቦ ሲገናኝና ሽቦዎቹ 1 ኦም ሲጨምሩበት ንባቡ 2.6 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። የማቅለሚያው ገንዳ ከሚገባው በታች ይሞቃል፤ የዛሬው ጨርቅ ቀለም ከትናንቱ ጋር አይገጥምም፤ ጥፋቱም በቀለሙ ላይ ይላከካል። ሦስተኛ ሽቦ ይህን ያስተካክላል። የመለኪያው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሆነውም በምክንያት ነው፤ ዜሮ ከተነበበ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ከኤሌክትሮኒክስና ከሲግናል ትምህርት ጋር ፒኤልሲን፣ ማለትም የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠረውን ኮምፒዩተር፣ ፕሮግራም ማድረግን ጨምሩበት።

የቁሳቁስ ፊዚክስ የሚስባችሁ፣ ሳይሰብሩ መመርመርን ተመልከቱ። ድምፅ በብረት ውስጥ በሴኮንድ 5,900 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ማሚቶው በ3.4 ማይክሮ ሴኮንድ ይመለሳል። ቀለም የተቀባውን ውፍረት እንደ ብረት የሚቆጥር መርማሪ የተበላን ቧንቧ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። የመርማሪው የምስክር ወረቀት አይኤስኦ 9712 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ለብቻ መመርመርና ውጤት መተርጎም የሚቻለው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው።

ፀሐይ ኃይል ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ፓነሉ የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ጣሪያ ላይ 60 ሲደርስ፣ በየዲግሪው 0.4 ከመቶ እየቀነሰ 14 ከመቶ ያጣል። ይህን ሳያሰላ የሚሸጥ ብዙ ስለሆነ፣ የሚያሰላ ሰው ይፈለጋል።

የሕክምና ፊዚክስ ክቡር ሙያ ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም መሆኑን ወላጆችም እወቁት። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ማስተርስ፣ ከዚያም ቢያንስ 2 ዓመት በሆስፒታል ክትትል ሥር የሚደረግ ሥልጠና ያስፈልጋል። ለካንሰር ሕክምና ጨረር የሚሰጠው የኮባልት 60 ምንጭ በየወሩ 1 ከመቶ ያህል ይደክማል፤ የሕመምተኛውን የጨረር ደቂቃ በዚያው ልክ የሚያስተካክለው ይህ ባለሙያ ነው። ስሌቱ ቢረሳ ዕጢው በቂ ጨረር አያገኝም። ኑክሌርንና ሕዋን የምትመርጡም ማስተርሱን አስቀድማችሁ አቅዱ።

አሁን ወደ ቅጥር። በብዙ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያው የትምህርት ዝግጅቱን በስም ይዘረዝራል። ዲግሪያችሁ ላይ ያለው ስም ከዝርዝሩ ካልገጠመ፣ ችሎታችሁን ማንም ሳያየው ማመልከቻው ይወድቃል። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት 20 የቅጥር ማስታወቂያ ሰብስቡ። የተጠየቀውን የዲግሪ ስም፣ መሣሪያውን፣ የልምድ ዓመቱን ጻፉ። ደጋግሞ የሚመጣው የትምህርት ስም በምርጫ ኮርሶቻችሁ ውስጥ ይግባ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይነበባልና።

የመመረቂያ ሥራችሁን ከእነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ በሚገኝ አንድ መለኪያ ላይ አድርጉት። የትብብር ደብዳቤውን ከሁለት ወር በፊት ጠይቁ። መለኪያውን በ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ከመቶ፣ መጀመሪያ እየጨመራችሁ ቀጥሎ እየቀነሳችሁ ፈትኑት፤ በሁለቱ ጉዞ መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቡ። ያንን ገጽ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዛችሁ ወደ ቃለ መጠይቅ ግቡ።

እናመሰግናለን።