የሐይቅ ልዕልትና የግብፅ ጭቃ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከደሴ ነው የማወራችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከተሰማችሁ ሐምሌ ነውና ቻሉኝ።

የወሎ ልጅ ሆኖ የሐይቅን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት እጅ ግፍ ይደርስባታል። ፈጣሪ ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውሃ ያደርገዋል፤ ልዕልቲቱም ከነዘመድ አዝማዷ ትሰጥማለች። ያቺ ደረቅ መሬት ደሴት ሆና ቀረች፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የእስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱትም እዚያው ላይ ነው ይባላል። አያቴን “ታዲያ ቤቶቹ ከታች አሉ?” እያልኩ ሳደርቃቸው “ኧረ ተይ ልጄ፣ የግፈኛ ቤት ምን ያደርግልሻል?” ይሉኝ ነበር።

እኔ ግን ቤቱን ማየት እፈልግ ነበር። ስለ ሰጠሙ ከተሞች ያገኘሁትን ሁሉ የማነበውም ለዚሁ ነው። አትላንቲስን ለዩቲዩብ ትቼዋለሁ። ልቤን የወሰደችው ቶኒስ-ሄራክሊዮን ናት፣ የግብፅ የወደብ ከተማ። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ቤተ መቅደሷ ጽፏል፤ ኋላ ግን ከመጽሐፍ በቀር የትም የማትገኝ ሆነች። በፈረንጆቹ 2000 ፍራንክ ጎዲዮ የተባለ ፈረንሳዊ ከባልደረቦቹ ጋር አቡ ኪር ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከዳርቻው 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ገባ ብሎ አገኛት። ጥልቀቱ 10 ሜትር ያህል ብቻ ነው! ዓሣ አጥማጆች ስንት ዘመን በላይዋ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ማንነቷን ያረጋገጠው ነገር ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥቁር የድንጋይ ጽላት ከነጽሑፉ ሳይሰበር ወጣ። የንጉሥ ነክታኔቦ ቀዳማዊ አዋጅ ነው፤ በባሕር ከሚገባው ዕቃ ቀረጥ አሥር አንዱ ኔት ለምትባለው አምላካቸው ቤተ መቅደስ ይሁን ይላል። የዚሁ አዋጅ መንትያ በ1899 ናውክራቲስ በምትባል ከተማ ተገኝቶ ነበር። ሁለቱ ቃል በቃል አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚለያዩት ጽላቱ የሚቆምበት ከተማ ስም ላይ ነው። እንግዲህ ግብፆች ቶኒስ፣ ግሪኮች ሄራክሊዮን የሚሏት አንዲት ከተማ እንደሆነች የታወቀው በቀረጥ ወረቀት ነው በሉት።

ለምን ሰጠመች? ግፍ ስለሠራች አይደለም። የቆመችው በዓባይ ደለል ላይ ነበር። ውሃ የጠገበ ጭቃ ከላይ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ተጭኖት፣ ከታች መሬት ሲንቀጠቀጥ እንደ ፈሳሽ ይሆንና የተሸከመውን ይለቃል። ዋልካ መሬት ላይ በክረምት የሄደ ሰው ይህን ለማመን ሳይንቲስት አያስፈልገውም። ዋናው የከተማዋ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወረደ፤ የቀረው ከልደት በኋላ እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ድረስ ተከተለ።

ደለሉ ከየት ነው የመጣው? ከአስዋን ግድብ በፊት በየክረምቱ ግብፅ ይደርስ የነበረው ደለል አብዛኛው ከዓባይና ከተከዜ የሚሄድ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳል። በሽሎ የወሎን ቁልቁለት አጥቦ ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ በሽሎን በነሐሴ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፣ ውሃ ሳይሆን መሬት ነው የሚሄደው። እነዚያ ካህናት ቤተ መቅደሳቸውን ሲያቆሙ ከፊሉ የእኛ ገበሬ ማሳ ላይ ነበር ማለት ነው! ከባሕሩ ወለል ከወጡት ምስሎች አንዱ ደግሞ ከቀይ ግራናይት የተጠረበ 5 ሜትር ከ40 የሚሆን የሐፒ ሐውልት ነው። ሐፒ የዓባይ ሙላት አምላክ ነው። አፈራችንን ሲያመጣላቸው ያመልኩት የነበረው እሱው በዚያው አፈር ውስጥ ተሰባብሮ ተገኘ።

ወደ ሐይቃችን ልመለስ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ የልዕልት ቤት እዚያ ይገኛል ብዬ አልጠብቅም። ነገር ግን ተመራማሪዎች ከወለሉ በቱቦ ጭቃ አውጥተው ሲያዩት፣ የዛሬ 15 ሺህ ዓመት ግድም ሐይቁ እጅግ ጎድሎ እንደነበር ተረድተዋል። ዛሬ ውሃ የሆነው ቦታ ከፊሉ ያኔ ደረቅ መሬት ነበር። ተረቱ ከዚያ የመጣ ነው አልልም፣ ዘመኑ በጣም ይርቃል። አያቴ ግን ቢሰሙ “ነግሬሽ አልነበር?” ማለታቸው አይቀርም።

እዚህ ላይ የግሪኳ ሄሊኬ ትዝ ትለኛለች። በ373 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በአንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥና በማዕበል የጠፋች ከተማ ናት። ስንቱ ሰው ባሕር ውስጥ ፈለጋት! በ2001 የተገኘችው ግን በየብስ፣ በደለል በተሞላ የጥንት ሐይቅ ሥር ነው። እስጢፋኖስም ዛሬ ደሴት አይደለም፣ ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በእግር ይገባል። እኔ ሴት ነኝና ገዳሙ አያስገባኝም፣ የሚነግረኝ ወንድሜ ነው። መነኮሳቱ ፈቅደው አንድ ቀን ቁፋሮ ቢጀመር፣ ከጠላቂ ዋናተኛ በፊት አካፋ የያዘ ሰው እልክ ነበር፤ ደሴቱና የብሱ የተገናኙባት ያቺ ጠባብ መሬት ላይ፣ ድሮ ታንኳ ይሄድባት በነበረው።