ወገብ የሚጠነክረው ብረት ሥር ነው

እንደምን አደራችሁ! እዚያ ጥግ ክብደት በሚሰካበት ዘንግ፣ ባሩ ላይ የተቀመጣችሁት ልጆች፣ በናታችሁ ተነሱና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ባሩ ይጣመማል።

እሑድ ጠዋት፣ ገና ቡና ሳይፈላ፣ ንግግር ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አሰልጣኛችሁ ሲጋብዘኝ «ስለ ሆድ ጡንቻ አውራልኝ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ስለ ሲክስ ፓክ፣ ተከፋፍሎ ስለሚታየው የሆድ ጡንቻ፣ ለመስማት የመጣ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ወገብ ነው። ስለ ቦርጭም አንዴ ልበልና ልለፈው፦ ቦርጭ በሲት አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ቀና በማለት፣ አይጠፋም። የሱ ጉዳይ ከሳህኑ ጋር ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ብረት መግፋት ከጀመርኩ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የጀመርኩትም እንደ ብዙዎቻችሁ ሰፈር ውስጥ ነው፤ የወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን፣ መሃሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተን። አንዱ ጣሳ ከሌላው ይከብድ ስለነበር የሰፈራችን ልጆች ሁሉ አንድ ትከሻቸው ዘመም ያለ ነበር።

ያኔ ለሆድ የምናውቀው ሲት አፕን ብቻ ነበር። ማታ ማታ እግሬን አልጋ ሥር ሰክቼ 200 እሠራለሁ። አልዋሽም፣ ሆዴ ተከፋፍሎ ነበር፤ ሸሚዝ ለማውለቅም ሰበብ አላጣም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ውሃ መጣና ጀሪካኖቹ ተሞሉ፤ እናቴ «ይቺን ወደ ውስጥ አስገባልኝ» አለችኝ። 20 ሊትር ናት። ጎንበስ አልኩ፣ ሳብ አደረግኳት፣ ቀጥ ማለት አቃተኝ። ወገቤን ያዘኝ! እንደተጎነበስኩ በረንዳው ላይ ቀረሁ። እናቴ መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ኋላ ነገሩ ሲገባት በአንድ እጇ ጀሪካኗን አነሳች፣ በሌላው እኔን ደገፈችና ሁለታችንንም አስገባችን።

በቀን 200 ሲት አፕ የሚሠራ ጎረምሳ በ20 ኪሎ ይያዛል፣ በሕይወቷ አንድም ሠርታ የማታውቅ ሴት ደግሞ እሱን ጭምር ተሸክማ ትገባለች። ይሄ ነገር ለብዙ ጊዜ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መልሱን ለማየት አንድ ሃይላንድ ውሰዱ፤ የውሃውን ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ሞልቶ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ብትጫኑትም ቀጥ ብሎ ይችላል። ክዳኑን ክፈቱና ግማሹን ጠጡለት፣ ያው በአንድ እጅ ጭምድድ ይላል። የእኛም መሃል እንደዚያ ነው። ከላይ ክዳኑ የምንተነፍስበት ጡንቻ፣ ድያፍራም ነው። ከታች መቀመጫው የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው። ከፊትና ከጎን በድርብ የተጠመጠሙ የሆድ ጡንቻዎች፣ ከኋላ ደግሞ አከርካሪን ይዘው የሚወጡት አሉ። ሲክስ ፓክ የምትሉት ፕላስቲኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው በሉት። ያምራል፣ ሥራም አለው፣ ግን ብቻውን ምንም አይዝም።

አሁን ሁላችሁም ተነሱ። ጋሼ፣ እርስዎም ይነሱ እንጂ! አውራ ጣታችሁን ጎናችሁ ላይ፣ ከጎድን አጥንታችሁ በታች ከዳሌ አጥንታችሁ በላይ፣ ለስላሳው ቦታ ላይ አድርጉ። ጫን አድርጉት። አሁን አስሉ። ጣታችሁን ወደ ውጭ የገፋው ነገር ተሰማችሁ? እሱን ነው የምፈልገው። አሁን ደግሞ ሳታስሉ፣ አየር ወደ ሆዳችሁ ስባችሁ፣ ሰው በጡጫ ሊመታችሁ እንደመጣ ሆዳችሁን ዙሪያውን ወጥሩ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ አይደለም ያልኩት፤ እሱ ለፎቶ ነው። በሉ ተቀመጡ። ከዛሬው ወሬዬ ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም አይከፋኝም።

ሲት አፕ የሚያለማምደው መታጠፍን ነው። ጀሪካን፣ ሲሊንደር፣ የተኛ ሕፃን፣ ሁሉም ግን የሚጠይቁት ሳይታጠፉ መቆየትን ነው። ይሄን የሚያስተምረው ሊያጥፋችሁ የሚታገል ክብደት ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ መገጣጠሚያ አንድ ላይ የሚያሠሩትን፣ ዴድሊፍትን (ክብደት ከመሬት ማንሳትን)፣ ስኳትን (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳትን)፣ ክብደት ከራስ በላይ መግፋትን፣ ተሸክሞ መሄድን የምወዳቸው።

ዴድሊፍት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ባሩ ከጫማችሁ ማሰሪያ በላይ ይሁን። ስትይዙት መቀመጫችሁን ወደ ኋላ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት። ትንፋሽ ሳቡ፣ ሆድ ወጥሩ፣ ከዚያ ባሩን ከቅልጥማችሁ ሳታርቁ በእግራችሁ መሬቱን እየገፋችሁ ተነሱ። ጀርባችሁ መሃል ላይ ሲጎብጥ ካያችሁ፣ ወይም ጓደኛችሁ ካየ፣ ክብደቱ የእናንተ አይደለም፤ ቀንሱ። አንድ ማንም የማይነግራችሁን ነገር ልጨምር። የውድድር ትልቁ ፕሌት፣ ባሩ ጫፍ ላይ የሚሰካው ክብ ክብደት፣ ዲያሜትሩ 45 ሳንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ባሩ ከመሬት 22 ተኩል ሳንቲም ላይ ይውላል። የእኛ ሲሚንቶ ጣሳ ግን ትንሽ ስለሆነ ባሩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ ሰውየውም ሳይወድ ይጎብጣል። ጥፋቱ የወገባችሁ ሳይሆን የጣሳው ነው። ከጣሳዎቹ ሥር እንጨት ወይም ብሎኬት ደርቡና ከፍ አድርጉት።

ስንት ልጀምር ለምትሉ፣ ባዶው ባር ራሱ 20 ኪሎ ነው፤ የዚያች የእናቴ ጀሪካን ልክ። የሴቶች የውድድር ባር ደግሞ 15 ነው። 5 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት ሁለቴ። ሳትጎብጡ ከጨረሳችሁ በሚቀጥለው በየጎኑ 1.25 ኪሎ ጨምሩ። ትንሽ ናት፣ ታሳፍር ይሆናል፣ ጨምሩ።

ስኳትን ታውቁታላችሁ፤ ቁጢጥ ማለትን ከልጅነታችን የምናውቅ ሰዎች ነን። ከራስ በላይ መግፋት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ይሄ እንቅስቃሴ ድሮ ኦሊምፒክ ላይ ራሱን የቻለ ውድድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በኋላ ግን ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ተወዳዳሪዎቹ ወደ ኋላ እየተለጠጡ ቆመው የሚገፉ ሳይሆን ተኝተው የሚገፉ መምሰል ጀመሩ፣ ዳኞቹም የቱ ትክክል የቱ ስህተት እንደሆነ መለየት አቃታቸው። እናንተም ሲከብዳችሁ እንደዚያው ነው የምትሆኑት። የጎድን አጥንታችሁ ወደ ላይ ከተነሳና ወገባችሁ ወደ ኋላ ከተቀለሰ ሆዳችሁ ሥራውን ለቋል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ዴድሊፍት ብቻውን የፊቱን ሆድ ያን ያህል አያደክመውም፤ ዋናውን ሥራ የሚይዘው የጀርባው ነው። ስለዚህ ፕላንክ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየትን፣ የሚሠራ ሰው ካለ አይተወው። እኔ ግን ለጎን የሆነውን የምወደው በአንድ እጅ ብቻ ጀሪካን ይዞ መሄድን ነው። ክብደቱ ቀኝ እጃችሁ ላይ ከሆነ፣ ወደዚያ እንዳትዘሙ የሚሠራው ግራ ጎናችሁ ነው። ግማሽ የተሞላው ደግሞ ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል የባሰ ያስለፋል፤ ሞክሩትና ትረግሙኛላችሁ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሸክም ከሆነ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሁሉ ስፖርተኛ ናቸዋ?» የሚል አይጠፋም። ጠንካሮች ናቸው፣ ማን ይክዳል። ግን ክብደቱን እነሱ አይመርጡትም፤ ወገባቸውን ቢያማቸውም ነገ ይወጣሉ። እኛ ሲያመን ፕሌት አውጥተን እናስቀምጣለን። ልዩነቱ እሱ ነው፣ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለ ትንፋሽ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። እንግሊዛዊው ክብደት አንሺ ኤዲ ሆል በ2016 እ.ኤ.አ. 500 ኪሎ፣ አምስት ኩንታል ማለት ነው፣ ከመሬት ሲያነሳ አፍንጫው ደምቷል። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ያሻቅባል። ጤነኛ ሰው በልኩ ካነሳ ይችለዋል። ግፊት ያለባችሁ፣ ቡአ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ስትሠሩም ቀለል ባለ ክብደት፣ እየተነፈሳችሁ ይሁን። ወገባችሁን አሞ ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ባሩ ሳይሆን ወደ ሕክምና ሂዱ።

ስለ ክብደት ማንሻ ቀበቶ የሚጠይቀኝም ብዙ ነው። ቀበቶ ሆዳችሁ የሚገፋው ግድግዳ ይሆናችኋል፣ ለእናንተ ግን አይገፋላችሁም። ለክንድ ሥራ ቀበቶ አስሮ መስታወት ፊት የሚቆመውን ልጅ አሰልጣኛችሁ ያውቀዋል፤ ስሙን አልጠራም፣ እየሳቀ ነው።

በቃ፣ ወሬው በዛ። ባዶው ባር መሃል ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያነሳው ማነው? ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ሌሎቻችሁ በሩ ጋ ከተደረደሩት ጀሪካኖች አንድ አንድ ይዛችሁ እስከ ግቢው በር ደርሳችሁ ተመለሱ። ውሃው ግን ለሻወር የተቀዳ ነው፣ አደራ እንዳትደፉት።