«አፈኛዋ»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «አፈኛዋ» ነበር የምንላት፤ እኔም ጭምር። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ስሰበስብ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ እሷ እኮ ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የደረሳት። እኩል መሰብሰብ ልክ አይደለም!» ስለ ራሷ አልነበረም የምታወራው። እንዲያውም ከዚያች ልጅ ጋር ተኳርፈው ነበር። እኔ ግን ክፍሉን ረብሸሻል ብዬ ቀጣኋት። ማታ ወረቀት ሳርም ነው የገባኝ፤ ልጅቷ ልክ ነበረች።

ያን ሰሞን ስለ ባሕርይ ጥንካሬዎች እያነበብኩ ነበር። ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት መጽሐፍ 24 ጥንካሬዎችን ዘርዝረዋል። ጉጉት አለ፣ ደግነት አለ፣ ተስፋ አለ፣ ቀልድ ማወቅ ሳይቀር አለ። ፍትሐዊነትም አለ። ለካ እኛ አፈኝነት ያልነው እሱን ኖሯል!

በማግስቱ ጠራኋት። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ማለት አልፈለግኩም። እሱን ማንም ይላል፣ ልጆችም አያምኑትም። ያየሁትን ብቻ ነገርኳት፦ «ትናንት ለተኳረፍሻት ልጅ ተከራከርሽ። ይሄ ፍትሐዊነት ነው፤ ድፍረትም ይጠይቃል።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «እና ቅጣቱ ተነሳልኝ?» አለችኝ።

ተነሳላት።

ክርክሯ የቆመ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ትሟገታለች፤ ሲበዛ ደግሞ እነግራታለሁ። ጥንካሬም መጠኑን ሲያልፍ ሰው ያሰለቻል።

እኔማ ጋለብኝና ክፍሉን በሙሉ እነዚያን 24 ጥንካሬዎች ለእያንዳንዱ ልጅ በደረጃ የሚደረድረውን፣ ለወጣቶች የተዘጋጀውን መጠይቅ አስሞላሁ። ሳላስረዳ ማስሞላቴ ጥፋት ነበር። አንዱ ልጅ ውጤቱን አየና፣ «ራስን መግዛት 24ኛ ወጣብኝ። በቃ፣ የለኝም ማለት ነው» አለ። መጠይቁ እኮ የልጁን ጥንካሬዎች እርስ በርስ ነው የሚያስተያየው፤ መጨረሻ የወጣው ጉድለት ነው ማለት አይደለም። እሱ ግን ስንት ጊዜ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ «24ኛ ነው የወጣብኝ» እያለ ቀለደብኝ።

አሁን መጠይቁን ትቼ ስም መጥሪያው ላይ እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር፣ አንድ መስመር። ባለፈው ሳምንት ሳየው ዘጠኝ ስም ጎን ባዶ ነው። ዘጠኙም ድምፃቸው የማይሰማ፣ አንድም ቀን ያላስቸገሩኝ ልጆች ናቸው።