በአንድ መዝገብ የሰፈሩ

(ምስል፦ ደሴ፣ ማለዳ፤ የቅሬ ድንኳን ሲተከል)

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ከሚገለጡት ነገሮች አንዱ የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ መዝገብ ነው። ጸሐፊው ጠርዙ የተበላ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ላለው ምልክት ያደርጋል፣ የቀረውን ለቅጣት ይይዘዋል፤ ከዚያም የሚሰግደውና ማተብ ያሰረው አንዱን ቃሬዛ ተጋግዘው ይሸከማሉ። ዛሬ የምናየው፣ የነባር ሕዝቦችንና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ትግል ያገናኘው መዝገብ ግን ለመቅበርና ለመተዛዘን የተከፈተ አይደለም።

(ምስል፦ የሕንድ ካርታ)

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ሕንድ ውስጥ «የወንጀለኛ ነገዶች አዋጅ» የሚባል ሕግ አወጡ። የአዋጁ አንደኛ ክፍል አንዳንድ ነገዶችን፣ በተለይም እየተዘዋወሩ የሚኖሩትን፣ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ወንጀለኛ አድርጎ የሚፈርጅ ሲሆን፣ አባላቱ በመዝገብ እንዲሰፍሩ፣ ስም ሲጠራ እንዲቀርቡ፣ ያለ ይለፍ ወረቀትም ከተወሰነላቸው ቦታ እንዳይወጡ ያስገድድ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ያነጣጠረው ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት በሚኖሩት፣ ሂጅራ በሚባሉት ሰዎች ላይ ነው። ስሙ የተመዘገበ ሂጅራ የሴት ልብስ ለብሶ ወይም አጊጦ አደባባይ ቢታይ ያለ ማዘዣ ሊያዝና እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር።

ከብት ነጂውና ሂጅራው አንዳቸው የሌላውን ጉዳይ ጉዳዬ ሳይሉ በአንድ አዋጅ የተጠፈሩት፣ ገዥው አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ፣ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ የለየለት፣ በቀላሉ የሚቆጠር ገባር ስለፈለገ ነው ብዬ አምናለሁ። የነባር ሕዝቦችንና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ትግል ያገናኘውም መጀመሪያ መዋደዳቸው ሳይሆን የመዝጋቢው እጅ ነው።

(ምስል፦ ቁጢት፣ ድርና ማግ)

ሰሜን አሜሪካ እንሻገር። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከዙኒ ሕዝብ የተወለደችው ዌዋ ሕዝቧ «ላማና» ከሚላቸው፣ በወንድ ገላ ተወልደው የሴትን ድርሻ ከሚይዙ ሰዎች አንዷ ነበረች፤ በ1886 ዋሺንግተን ሄዳ ከፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ጋር ተገናኝታለች። በመንደሯ የተከበረች ሸማኔና ሸክላ ሠሪ መሆኗን ስንሰማ፣ የሸማኔውን ኩታ ለብሰን ሸማኔውን ስንንቅ፣ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ጋግረን እሷን «ቡዳ» ስንል ለኖርነው ሰዎች ነገሩ ትንሽ ይጎረብጣል።

ስምም የትግሉ አካል ነው። በ1975 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የነባር ሕዝብ ተወላጆች የራሳቸውን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ በ1990 ደግሞ በካናዳዋ ዊኒፔግ አጠገብ ተሰብስበው፣ ባዕዳን ተመራማሪዎች የለጠፉባቸውን አዋራጅ ስም ጥለው «ባለ ሁለት መንፈስ» ለመባል ተስማሙ። በአማርኛ የተለመደው መጠሪያ ከሰዶም ከተማ የተወሰደ በመሆኑ ገና ሲጠራ ይፈርዳል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል። ስለዚህ ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ትብብሩ ሁልጊዜ የሰመረ አልነበረም። የዌዋን ፎቶ ለሰልፍ ማድመቂያ ይዞ ስለ መሬቷ ጥያቄ ዝም የሚል ደጋፊ ሞልቷል፤ ይህ ለእኔ የለቅሶ ድንኳን ገብቶ ንፍሮውን ቆርጥሞ ከመቃብሩ እንደሚቀር ሰው ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው የነባር ሕዝቦች ምድር ላይ የነዳጅ ቧንቧ ውሃችንን ይበክላል ብለው ነባር ሕዝቦች ሲሰፍሩ ግን፣ ባለ ሁለት መንፈሶቹ የራሳቸውን ሰፈር ተክለው አብረው ቆዩ።

(ምስል፦ የተዘጋ መዝገብ)

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ሂጅራዎችን በሦስተኛ ጾታነት ሲያውቅ ያንን የ1871 አዋጅ በውሳኔው ውስጥ ጠቅሶታል። ነገዶቹ ከወንጀለኛነት መዝገብ የተፋቁት ቀደም ብለው፣ በ1952 ነበር፤ ዛሬም የሚጠሩት ግን «ከመዝገብ የተፋቁት ነገዶች» ተብለው ነው።