ግሪንላንድ ብቻዋን ብትቆም ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

[ስክሪን ላይ፦ የግሪንላንድ ካርታ]

በዴንማርክ ሥር ሆና ራሷን የምታስተዳድረው ግሪንላንድ ነጻ አገር መሆን ትችላለች? ጥያቄው የሕግ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የራስ አስተዳደር ሕግ ውሳኔውን ለግሪንላንድ ሕዝብ ሰጥቷል። የዴንማርክ ፓርላማ ይሁንታም ያስፈልጋል። ሰውን የሚያከራክረው ግን የገንዘቡ ነገር ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 4 ቢሊዮን ክሮነር]

ዴንማርክ በየዓመቱ ለግሪንላንድ መንግሥት ጥቅል ድጎማ ትሰጣለች። ወደ 4 ቢሊዮን ክሮነር (የዴንማርክ ገንዘብ) ይጠጋል፤ የመንግሥቱ በጀት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሕዝቡ 57 ሺህ ገደማ ነው። ብናካፍለው ሕፃናቱም ተቆጥረው በነፍስ ወከፍ 70 ሺህ ክሮነር ይደርሳል። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና መከላከያ እዚህ ውስጥ የሉም። እነሱን ዴንማርክ ለብቻ ትከፍላለች።

"ይህችን ለምታህል ሕዝብ ይህ ሁሉ ብር ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። ካርታውን እንየው። ደሴቲቱ ከ2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። አብዛኛው በረዶ ነው፤ ሰው የሚኖረው ዳር ዳሩን ነው። ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ አስፋልት የለም። የሚኬደው በጀልባ፣ በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን መብራት፣ የራሱን ውሃ፣ የራሱን ወደብ ይፈልጋል። ከጎረቤት መዋስ የሚባል ነገር የለም። ሕመም የጠናበት ሰው መጀመሪያ ወደ ዋና ከተማዋ ኑክ ይበራል። እዚያ ካልተቻለ ደግሞ ወደ ኮፐንሃገን። ሕዝብ ሲያንስ ወጪም የሚያንስ ይመስለናል፤ እዚህ ግን በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የተገላቢጦሽ ነው።

ገቢውስ? ዓሣ። ወደ ውጭ ከሚላከው ሸቀጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሽሪምፕና ሌላ የባሕር ምርት ነው። ዋጋው ሲወርድ በጀቱም አብሮ ይንገዳገዳል።

[ስክሪን ላይ፦ የተራራ ምስል፣ ከሥሩ "ማዕድን"]

"ማዕድኑስ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለጉት፣ ብርቅዬ የሚባሉት ማዕድናትም ጭምር። ግን በ2009ኙ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንቀጽ አለች። እንደ ምሳሌ እናስላት። ግሪንላንድ ከማዕድን 175 ሚሊዮን ክሮነር አገኘች እንበል። የመጀመሪያው 75 ሚሊዮን አይነካም። ከቀሪው 100 ሚሊዮን ግማሹ፣ ማለትም 50 ሚሊዮኑ፣ ከዴንማርክ ድጎማ ላይ ይቀነሳል። አያችሁ? ማዕድኑ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያሟሟ እንዲሄድ ነው የታሰበው። ድጎማው ዜሮ እስኪገባ ድረስ ግን ስንት ማዕድን ማውጫ መከፈት እንዳለበት አስቡት።

መክፈቱም ቀላል አይደለም። በደቡብ ግሪንላንድ፣ ናርሳክ ከተማ አጠገብ፣ ክቫነፌልድ የሚባል ትልቅ የብርቅዬ ማዕድናት ክምችት አለ። ችግሩ ዩራኒየም አብሮት መኖሩ ነው። የ2021 ምርጫ ዋና አጀንዳ ሆኖ አረፈ። ማዕድኑን የተቃወመው ፓርቲ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ዩራኒየም ማውጣት በሕግ ታገደ። ገንዘብ ቢያስፈልጋቸውም እምቢ አሉ። መብታቸው ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የአይስላንድ ባንዲራ]

እዚህ ላይ ሁሌ የምትነሳው አይስላንድ ናት። እሷም ከዴንማርክ ጋር ነበረች፤ በ1944 ሪፐብሊክ ሆነች። ያኔ ሕዝቧ 130 ሺህ አይሞላም፤ የምትሸጠውም በዋናነት ዓሣ ነበር። ሀብታም ሆና አይደለም የወጣችው፤ ከወጣች በኋላ ነው የበለጸገችው። የዓሣ ክልሏን ደረጃ በደረጃ እያሰፋች በ1975 200 ማይል አደረሰች። በዚህ ከብሪታንያ መርከቦች ጋር ተፋጥጣለች። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን ለግሪንላንድ ልክ አይሆንም። የአይስላንድን በጀት ግማሽ ኮፐንሃገን አትሸፍንላትም ነበር። የጀመረችው የራሷን ሂሳብ እየከፈለች ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ናውሩ የምትባለው ትንሽ የፓስፊክ ደሴት አገር ናት። በ1968 ነጻ ስትወጣ ፎስፌት የሚባል፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን ነበራት። ለተወሰነ ጊዜ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ተሰለፈች። ማዕድኑ እያለቀ ሲሄድ የተጠራቀመውም ገንዘብ ባክኖ ነበር።

እንደኔ ከሆነ ግሪንላንድ ዛሬ ብትወጣ አትፈርስም። ዛሬ ያለው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ደመወዝ እንዳለ ይቀጥላል ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ "ትችላለች ወይ?" ከማለት "ለነጻነቱ ምን ያህል ኑሮ ይቀነስ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህን ደግሞ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይመልሰውም።

[ስክሪን ላይ፦ የምርጫ ሣጥን፣ መጋቢት 2025]

የፓርቲዎቹም ጭቅጭቅ እዚሁ ላይ ነው። በመጋቢት 2025 ምርጫ አንደኛ የወጣው ዴሞክራቲት "መጀመሪያ ንግዱን እናቋቁም፣ ነጻነቱ ቀስ ብሎ ይመጣል" ባይ ነው። ሁለተኛ የወጣው ናሌራክ ደግሞ ቶሎ እንውጣ ይላል። ዴሞክራቲት መንግሥት የመሠረተው ከሌሎች ሦስት ፓርቲዎች ጋር ነው፤ ናሌራክ ከጥምረቱ ውጭ ቀረ።